ያ የሚያጉረመርም ሸክላ

1983 የማይክል ጃክሰን ዓመት ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ የኖርኩት በነሱ ነውና። አትላንታ ውስጥ ቀይ መብራት ላይ የቆመ መኪና መስኮቱ ክፍት ከሆነ የሚወጣው «ትሪለር» ነው። ፀጉር ቤት ስትገባ እሱ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትገባ እሱ፣ ጎረቤት ልደት ሲያከብር እሱ። ከሀገር ቤት የሚመጣው ደብዳቤ እንኳ ከሰላምታው ቀጥሎ የሱን ካሴት ላኩልን የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ፖሊስ የተባለው የእንግሊዞች ባንድ «ሲንክሮኒሲቲ»ን፣ የአየርላንዶቹ ዩቱ «ዋር»ን አውጥተዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ምርጥ አልበም ብሎ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ከነዚህ አንዱንም አልነበረም። አቴንስ ከምትባል የጆርጂያ የተማሪ ከተማ የተነሱ አራት ወጣቶች የሠሩትን የመጀመሪያ አልበም ነው የመረጠው። ባንዱ አር.ኢ.ኤም.፣ አልበሙ «መርመር» ይባላል፤ ማጉረምረም እንደ ማለት ነው። ስሙ ልክ ነበር። ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ ምን እንደሚል የሀገሩ ሰውም አይሰማውም።

እኔን ከዚህ ሸክላ ጋር ያወዳጀኝ ይኸው መጨረሻ ላይ ያልኩት ነገር ነው።

እኛ በሱዳን በኩል የወጣን ነን። አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ እየተመዘገብን፣ አብያተ ክርስቲያናትና የእርዳታ ድርጅቶች እየተቀበሉን፣ አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ አትላንታ ተበተንን። እንግሊዝኛ ሳናውቅ አልመጣንም። ሰዋስው ብትጠይቁን ከአሜሪካኖቹ እንበልጥ ነበር። ጆርጂያ ውስጥ የሚነገረው ግን በመጽሐፍ የተማርነው አይደለም። የደቡብ ሰው ቃሉን ይጎትተዋል፤ መጨረሻውን ይውጠዋል። ሰው ሁሉ ሲስቅ አንተ ዘግይተህ ትስቃለህ። ስልክ ሲደወል ልብህ ይመታል፤ በስልክ የሰው ከንፈር አይታይማ። ጉልበት ከሚፈጅ ሥራ ይልቅ ጆሮ የሚፈጅ ቀን እንዴት እንደሚያደክም ያልተሰደደ ሰው አያውቀውም።

የምሠራው መሀል ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ ነበር። ያኔም ዛሬም የኛ ሰው እንጀራ ነው። ማታ ማታ ትንሿ የትኬት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ጓደኛዬ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮኑን 88.5 ላይ ተክሎት የሄደው ከኔ በፊት ተረኛ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጣቢያው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበር፤ 100,000 ዋት ኃይል ያለው የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ለልጆች ተትቶላቸው! የንግድ ጣቢያዎቹ ገበያ ላይ የወጡትን አርባ ዘፈኖች ከጠዋት እስከ ማታ ሲያመላልሱ እነዚህ ልጆች ግን እናታቸውም ሰምታው የማታውቀውን ባንድ ያሰማሉ። ይንተባተባሉ። የዘፋኙን ስም ይሳሳታሉ። ሸክላው ተቧጭሮ አንዱን ቦታ ሲደጋግም ዘግይተው ያነሱታል፤ ደስ ያላቸውን ዘፈን ደግሞ ያለ ይሉኝታ ደግመው ይለቁታል። ደመወዝ የላቸውም፣ አለቃ የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ማስታወቂያም የለባቸውም። በዚያን ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው እንዲህ ዓይነት ጣቢያ ነበረ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልፈለጓቸው ባንዶች ከከተማ ወደ ከተማ የተዋወቁት በነዚህ ጣቢያዎች ነው። ኋላ «ኮሌጅ ሮክ»፣ ከዚያም «ኦልተርኔቲቭ» ተብሎ ስም ወጣለት። ያኔ ስም አልነበረውም።

አንድ ማታ ተማሪው ተራውን ሊያስረክበኝ ሲል አንድ ዘፈን መጣ። ከበሮው ይሮጣል፣ ጊታሩ ይንጫጫል፣ ከመሀል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ያምራል፣ ግን አንድም ቃል አይጨበጥም። የለመድኩት ድካም መጣብኝ። «ምን እያለ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ ቦርሳውን እያነገተ። «ማንም አያውቅም።»

ማንም አያውቅም! አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ወሬ ጥቂት ነው። እዚህ ሀገር ተወልዶ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ነጭ ልጅ፣ በገዛ ቋንቋው የተዘፈነ ዘፈን ፊት ከኔ እኩል ቆሟል። ከሱ የሚያንሰኝ ነገር የለም። እሱም እንደኔ ድምፁን ይሰማል፣ ይገምታል፣ ያለፈውን ትቶ የሚመጣውን ይጠብቃል።

የዘፈኑ ስም «ሬዲዮ ፍሪ ዩሮፕ» መሆኑን ስሰማ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። «ነጻ አውሮፓ» አሜሪካ ከሙኒክ ሆና ለኮሚኒስቶቹ የምሥራቅ አውሮፓ ሀገሮች ታሰራጨው የነበረ ሬዲዮ ነው። እኛ ደግሞ በደርግ ጊዜ ዶይቸ ቬለን መስኮት ዘግተን፣ ድምፅ ቀንሰን፣ ጆሯችንን ሬዲዮው ላይ ደፍተን ያዳመጥን ሰዎች ነን። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ መጣሁ ሄድኩ ሲል፣ ዋናው ወሬ ላይ ሲደርስ ማንሾካሾክ ሲጀምር፣ የጎደለውን ቃል ከራሳችን እየሞላን ነበር የምንሰማው። እና ይህ ልጅ የሚዘፍነው ያንን ነው ብዬ ደመደምኩ። ኋላ ስታይፕ ራሱ እንደተናገረው ግጥሙ ውስጥ ያን ያህል የተቋጠረ ነገር አልነበረም፤ ቃሎቹን ያመጣቸው ለድምፃቸው ነው። ይህን ባውቅም መደምደሚያዬን አልተውኩም። አድማጭ የሞላው ሁሉ የዘፈኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ እምነት ከባዶ አልመጣም። ሀገር ቤት ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ አይቀረጽም ነበር። ስለዚህ የፍቅር ዘፈን በወጣ ቁጥር «ይሄ እንኳ ስለ እሷ አይደለም» እየተባባልን ወርቁን ስንቆፍር የኖርን ነን። ዘፋኙ ያላሰበውን ቅኔ ያገኘንለት ጊዜም አለ። ሰሙ ሲደበዝዝ የበለጠ የምንነቃ አድማጮች ነን። አሜሪካኑ ግን ግልጽ ነገር ይወዳል፤ ፊት ለፊት ካልነገርከው የደበቅከው ነገር ያለ ይመስለዋል። በ1983 አራት የጆርጂያ ልጆች የሀገራቸውን ሰው እንደኛ አድርገው አስቀመጡት። ዋሸራ ወይ ጎንጅ ቅኔ ቤት ያልገባ አንድ የአትላንታ ተማሪ ሸክላ ደጋግሞ እያዞረ «እዚህ ጋ እንዲህ ያለ መሰለኝ» ሲል ስሰማ በሆዴ እስቅ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ግን አልተሳካልኝም። ሦስት አራት ሆነን በተከራየነው ቤት ጋሼ የምንለው የሁላችን ታላቅ ነበረ። ካሴቱን ከፍቼ ትንሽ እንደሄደ ከመኝታ ክፍሉ ብቅ አለ።

«ይሄን ልጅ ያመዋል እንዴ? ምነው እንዲህ አቃሰተ?»

«ዘፈኑ ነው ጋሼ።»

«ምኑን ዘፈነው? ጥላሁን አንዲት ፊደል ሳይውጥ አይደለም እንዴ አንጀት የሚበላው!»

መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም። የጥላሁን ገሠሠ አፍ ላይ ቃል ሙሉ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጋሼ እውነቱን ነበር። ሁለቱንም መውደድ ግን ይቻላል።

አቴንስ ከአትላንታ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ባይኖር ማንም ስሟን የማያነሳት ከተማ ነበረች። ከዚህች ትንሽ ቦታ በ1977 ቢ ፊፍቲ ቱስ የሚባሉት፣ ጥቂት ቆይቶ ፓይሎን የሚባለው የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ባንድ ወጡ። ምክንያቱ ብዙ ምሥጢር የለውም፤ ቤት ኪራይ ርካሽ ነው፣ ተማሪ በየዓመቱ ይመጣል፣ የሚሠራ ነገር የለም። ፒተር ባክ «ዋክስትሪ» የሚባል ሸክላ ቤት ሻጭ ነበር። የሥነ ጥበብ ተማሪው ስታይፕ ደንበኛው ነው፤ ሻጩ ለራሱ ያስቀመጣቸውን ሸክላዎች እየመረጠ የሚገዛ ደንበኛ። ማይክ ሚልስና ቢል ቤሪ ደግሞ ሜከን ከምትባል ከተማ አብረው የመጡ ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ቤዝ ጊታር፣ አንዱ ድራም። አራቱ መጀመሪያ የተጫወቱት ኤፕሪል 5 ቀን 1980 ለአንዲት ጓደኛቸው ልደት ነው፤ ቦታው ኦኮኒ ጎዳና ላይ የነበረ፣ አገልግሎት ያቆመና እነ ባክ የሚኖሩበት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን። ስም እንኳ አልነበራቸውም። ኋላ መዝገበ ቃላት ገልጠው ያገኙትን ሦስት ፊደል ወሰዱ።

በ1981 «ሬዲዮ ፍሪ ዩሮፕ»ን በትንሽ ሸክላ አወጡት። ያወጣላቸው «ሂብ ቶን» የሚባል፣ አትላንታ ውስጥ አንድ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ሙዚቃ ቤት ነው፤ መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ይህን ሲሰማ ፈረንጅ ይደነቃል። ለኛ ምኑ ይደንቃል? የኛ ሙዚቃ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው የቆመው። አምሃ እሸቴ በ1969 የሀገር ፍቅርን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ከጀርባው ኩባንያ አልነበረም። ካይፋም፣ ፒያሳ የነበረው የማህሙድ ሙዚቃ ቤትም እንዲያው ናቸው፤ ባለቤቱ ራሱ ነጋዴ፣ ራሱ አሳታሚ፣ ራሱ መራጭ። አምሃ በ1975 ሀገር ጥሎ አሜሪካ ገባ፤ እኔ አትላንታ ስደርስ እዚሁ ሀገር ነበረ። አሜሪካኖቹ «ኢንዲፔንደንት» ብለው እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩለት አሠራር ለፒያሳ ሰው የቀን ተቀን ንግድ ነው። ልዩነቱ የነሱ በገዛ ፈቃዳቸው፣ የኛ ሌላ ምርጫ በማጣት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ አይ.አር.ኤስ. የሚባል ከሂብ ቶን የሚሻል ግን ከግዙፎቹ ጋር የማይወዳደር ኩባንያ አስፈረማቸው። በ1982 አምስት ዘፈን የያዘ «ክሮኒክ ታውን» አወጡ። አልበሙን ለመቅዳት ጊዜው ሲደርስ ግን ኩባንያው ከፍ ያለ ነገር ፈለገ፤ ስቲቨን ሄግ የሚባል ፕሮዲዩሰር አመጣላቸው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የአልበሙ ዕጣ የተወሰነው እዚህ ነው።

ሄግ ሰዓት የሚያከብር ሰው ነበር። «ካታፑልት» የሚባለውን ዘፈን ደግመው ደጋግመው እንዲጫወቱት አደረገ፤ ድራመሩ ቢል ቤሪ በጆሮው የሚቆጥርለት ማሽን ተደርጎለት ከሱ ጋር እኩል እንዲሄድ ታዘዘ። እነዚህ በጠባብ ክለብ ላብ በላብ ሆነው መጫወት የለመዱ፣ ሲሞቃቸው የሚፈጥኑ ልጆች ናቸው። በዚህ አላበቃም። ሄግ ቅጂውን ቦስተን ወስዶ፣ እነሱን ሳያማክር፣ ሲንተሳይዘር ጨመረበት። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ላይ የሚሰማው ሁሉ ሲንተሳይዘር ነበርና ለሱ ውለታ መዋል ነው። አራቱ ሲሰሙት ግን የራሳቸው አልመስል አላቸው። ኩባንያውን ለመኑት፦ ከሚች ኢስተር ጋር እንሥራ። ኢስተር ሰሜን ካሮላይና፣ ዊንስተን ሴለም ውስጥ የወላጆቹን መኪና ጋራዥ ስቱዲዮ አድርጎ የሚሠራ፣ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖቻቸውን የቀዳላቸው ሰው ነው። ኩባንያው በአንድ ዘፈን ሞክሩና እንይ አለ። ኢስተርና ባልደረባው ዶን ዲክሰን «ፒልግሪሜጅ»ን ቀድተው አሳዩ። ተፈቀደ።

የተቀዳው በ1983 መጀመሪያ፣ ሻርሎት ከተማ፣ መንፈሳዊ መዝሙር ሲቀዳበት በኖረው «ሪፍሌክሽን» ስቱዲዮ ነው። ልጆቹ የማይፈልጉትን ነገር አስቀድመው ያውቃሉ፤ የጊታር ፉከራ አይኖርም፣ ሲንተሳይዘር አይኖርም፣ የዘመኑ ፋሽን አይኖርም። ባክ ሪከንባከር ጊታሩን አይገርፈውም፤ ክር በክር ይነካካዋል። የክራር ድርደራ የሚያውቅ ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል። ዜማውን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው የሚልስ ቤዝ ነው። ስታይፕ ሰው እያየው መዝፈን አልሆንልህ ስላለው ከስቱዲዮው ጎን ባለው ደረጃ ላይ፣ መብራት ጠፍቶለት፣ ለብቻው ሆኖ ዘፈነ። ዲክሰንና ኢስተር ድምፁን ከሙዚቃው በላይ አላወጡትም፤ ከጊታሩና ከቤዙ እኩል መሀል አስቀመጡት። በዚያ ዘመን ይህ ድፍረት ነው። የሚሸጠው የዘፋኙ ድምፅ ነውና። «ዊ ዎክ» የሚባለው ዘፈን ውስጥ ነጎድጓድ የመሰለ ነገር አለ፤ ቢል ቤሪ እታች ሲጫወት የነበረው የፑል ኳስ ግጭት ተቀድቶ፣ ፍጥነቱ ተቀንሶ ነው። ከሁሉ የምወደው «ፐርፌክት ሰርክል» ደግሞ ሁለት ፒያኖ አንድ ላይ ተመትቶበታል፤ ዜማውን ያመጣው ድራመሩ ነው። ድራመር እንዲህ ያለ እንጉርጉሮ ያመጣል ብሎ ማን ይገምታል?

ለመሆኑ የዜማው ባለቤት ማን ተብሎ ተጻፈ? አራቱም። በሁሉም ዘፈን ላይ፣ በፊደል ተራ፣ ቤሪ፣ ባክ፣ ሚልስ፣ ስታይፕ። ገንዘቡም እኩል ነው የሚከፈለው። ይህንን ሳነብ ትዝ ያሉኝ የኛ ባንዶች ናቸው። ዋልያስ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ኋላም ሮሃ፤ የአንድ ትውልድ ዘፋኝ በሙሉ ጀርባ ላይ የቆሙት እነሱ ናቸው። ካሴቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን የዘፋኙ ስም ነው። ዋልያስ በ1981 ከማህሙድ አህመድ ጋር አሜሪካ መጥተው ሲጫወቱ አዳራሹን የሞላው ስደተኛ ሐበሻ ነበር፤ ጉዞው ሲያልቅ ከመካከላቸው አራቱ እዚሁ ቀሩ። እነሱ በአንድ ስም፣ በእኩል ድርሻ፣ የራሳቸውን ዜማ ብቻ የሚጫወቱበት ዘመን ቢያገኙ ኖሮ ምን ይሠሩ ነበር እያልኩ አስባለሁ። በ1977 ያወጡትን ያለ ዘፋኝ የተሠራ «ቸ በለው» የሰማ ሰው መልሱን አያጣውም።

«መርመር» ኤፕሪል 12 ቀን 1983 ወጣ። የገዛሁት ካሴቱን ነበር፤ ሸክላ ማጫወቻ አልነበረንም። ሸክላውን ያየሁት ተማሪው ጋ ነው። ሽፋኑ ላይ የሰው ፊት የለም። ኩድዙ የሚባለው ሐረግ የዋጠው መሬት ብቻ ነው፤ ዛፍ ይሁን ጉብታ፣ ምን እንዳለ ከሥሩ አይለይም። ኩድዙ በ1876 ከጃፓን የመጣ ተክል ነው። በ1930ዎቹ መንግሥት አፈር እንዳይሸረሸር ብሎ ገበሬውን እየከፈለ አስተከለው። ከዚያ ማን ያቁመው! ዛሬ ጣና ላይ እምቦጭ የሚሠራውን ኩድዙ በጆርጂያ መሬት ላይ ሠርቶታል፤ አጥር፣ የስልክ እንጨት፣ የተተወ ቤት፣ የቆመ መኪና ሳይቀር ይለብሳል። ከሽፋኑ ጀርባ ደግሞ አቴንስ ውስጥ የነበረ አሮጌ የባቡር የእንጨት ድልድይ አለ። የዘፈኖቹን ግጥም በሽፋኑ ላይ የጠበቀ ሰው ባዶውን ቀረ። ባንዱ ግጥሙን ማተም እምቢ አለ፤ ከአንድ ዘፈን በስተቀር እስከ 1998 ድረስ አላተመም።

ከአልበሙ ዘፈኖች ውስጥ ልቤን የሚያደማው «ቶክ አባውት ዘ ፓሽን» ነው። ቼሎ አለበት፤ መሀል ላይ ስታይፕ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርግበታል። ስለ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ደጋግሜ የሰማሁት። ኋላ ስታይፕ ስለ ረሃብ እንደሆነ ተናገረ። ጊዜውን አስቡት። ዘፈኑ የወጣ በዓመት ከመንፈቁ፣ ኦክቶበር 1984፣ ቢቢሲ የኮረምን ሰው ለዓለም አሳየ። የኛው የ77 ረሃብ። በጃንዋሪ 1985 እነ ማይክል ጃክሰን ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ቀዱ፤ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሕፃን ልጅም ይይዘዋል፣ ብዙ ገንዘብም ሰበሰበ። እሰይ፣ የሰው ነፍስ አድኗል፤ ምስጋና እንጂ ሌላ የለኝም። ግን በዚያ ሰሞን የመኪና ቁልፍ የሚያስረክበኝ ሰው ሁሉ ከየት እንደሆንኩ ሲሰማ የሚያየኝ ዓይን ተለወጠ። «አንተስ ትበላ ነበር?» ያለችኝ ሴት አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። እንደዚያ ሰሞን ያ የማይሰማው ዘፈን ያጽናናኝ ጊዜ የለም። ስለ ተራበ ሰው እያወራ ተራቢውን አላቆመውም፣ አላሳየውም፣ አልጠቆመበትም። ማዘን አለ፤ ማን ለማን እንደሚያዝን ግን አይናገርም።

አልበሙ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 36ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 200,000 ያህል ተሸጠ። «ትሪለር» በሚሊዮን ሲቆጠር ይህ ምንም ነው፤ በቫን ተጭነው ከክለብ ክለብ ለሚዞሩ አራት ልጆች ግን ትልቅ ነገር ነበር። በኦክቶበር ዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ አቀረባቸው። የመጀመሪያውን ዘፈን ከተጫወቱ በኋላ ሌተርማን ሊያነጋግራቸው ሲመጣ ባክና ሚልስ መለሱ። ስታይፕ ከድራሙ ሥር ቁጭ ብሎ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቀጥሎ ገና ስም ያልወጣለት አዲስ ዘፈን ተጫወቱ። ተማሪው ጓደኛዬ በማግስቱ «አየኸው? አየኸው?» እያለ ያንን ዝምታ እንደ ጀብዱ ነበር የሚያወራው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ አላረዝመውም። ወደ ዋርነር ተዛወሩ፣ በ1991 «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ ሀብታም ሆኑ። ቢል ቤሪ በ1995 ስዊዘርላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ሳለ የአንጎል ደም ስር ሕመም ጣለው፤ ድኖ በ1997 ባንዱን ተወ። የቀሩት ሦስቱ በ2011 ያለ ጠብ ተለያዩ። ኋላ የመጡት አልበሞች ጥሩ ናቸው። የስታይፕ ቃል እየጠራ፣ እየተሰማ ሄደ። ብዙ ሰው ይህን እድገት ይለዋል። ለኔ ግን ቃሉ ሲገለጥ እኔና አሜሪካኖቹ እንደገና ተለያየን፤ እነሱ ወዲያው ገባቸው፣ እኔ ዘግይቼ።

ያ ዘመን በየቦታው ፈርሷል። መጀመሪያ የተጫወቱበት ቤተ ክርስቲያን በ1990 ፈርሶ የቀረው ግንቡ ሹል ጫፍ ብቻ ነው። የእንጨቱ ድልድይ አርጅቶ በቦታው ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ሌላ ተሠራ። የሻርሎቱ ስቱዲዮ ተዘግቷል። አይ.አር.ኤስ. በ1996 ተዘጋ። ከሁሉ የቆጨኝ ግን የሬዲዮው ነው። በ2014 ዩኒቨርሲቲው የ88.5ን የቀን ሰዓት ለጆርጂያ የሕዝብ ሬዲዮ ሰጠው፤ ተማሪዎቹ ጮኹ፣ የቀድሞ ተማሪዎችም ጮኹ፣ የሰማቸው የለም። ቀን ቀን ዜናና ውይይት ሆነ። ደህና ፕሮግራም ነበር፤ አቅራቢዎቹ አይንተባተቡም ነበር። እናቱ ሰምታው የማታውቀውን ባንድ ቀን በቀን የሚያሰማ የሃያ ዓመት ልጅ ግን ቦታውን አጣ።

የዛሬ ልጅ ዘፈን ሰምቶ ቃሉ ካልገባው ስልኩን ነካ አድርጎ ያነበዋል። የ«መርመር»ም ግጥም አሁን በየቦታው ተጽፎ ይገኛል፤ አድማጭ በግምት የጻፈው፣ አንዱ ከአንዱ የማይስማማ፣ ደራሲዎቹ ያላጸደቁት። እኛ ያኔ በየቤታችን እንሞላው የነበረውን ባዶ ቦታ አንድ የማናውቀው ሰው ለሁላችን ሞልቶ አስቀምጦታል።

በፌብሩዋሪ 2024 ተዋናዩ ማይክል ሻነንና ጊታር ተጫዋቹ ጄሰን ናርዱሲ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተጫወቱ ሲዞሩ አቴንስ ደረሱ፤ የተጫወቱትም «ፎርቲ ዋት» በሚባለው ክለብ ነው። አራቱም አዛውንቶች እዚያ ነበሩ። ባክ፣ ሚልስና ቤሪ አንዳንድ ዘፈን ላይ ገብተው ተጫወቱ። ስታይፕ መድረክ ላይ ወጥቶ አመሰገነ እንጂ አልዘፈነም።

አልበሙን ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ አደራ አለኝ፦ ግጥሙን ፍለጋ አትግቡ። በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ካለው «ፐርፌክት ሰርክል» ጀምሩ፣ ከዚያ «ቶክ አባውት ዘ ፓሽን»ን፣ ከዚያ ሙሉውን ከራሱ እስከ እግሩ ስሙት። ምን እንደሚል የገባችሁን ለራሳችሁ ያዙት፤ ከአሜሪካኖቹ ያነሰ አልሰማችሁም።